ጎሽን የሚያቆመው ምንድን ነው? አፈሙዝ፣ አረርና የመካኒክስ ሕግጋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመካኒክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሞመንተም ጥበቃ ሕግ አስተምረን ስናበቃ፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። ልጁ ያደገው በኦሞ ሸለቆ አቅራቢያ ነው። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «አጎቴ ማሳውን ሲጠብቅ ጎሽ መጣበት። ተኮሰ፤ አልሳተውም። ጎሹ ግን አልወደቀም። ሃምሳ ሜትር ያህል ሮጦ አጎቴን በቀንዱ ወግቶ ከጣለው በኋላ ነው የተዘረረው። ኋላ ሲበለት አረሩ ልቡን በስቶት ተገኘ። ልቡ የተበሳ እንስሳ እንዴት ሊሮጥ ይችላል?» አጎቱ ከወደቀበት አልተነሣም።

በዚያን ዕለት የሚያረካ መልስ አልሰጠነውም። በፊልም የምናየው ሁሉ በጥይት የተመታ ወደ ኋላ ተወርውሮ ሲወድቅ ነውና፣ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ጥያቄውን ሲሰሙ «ጠመንጃው ደካማ ነበር» ወይም «አረሩ ትንሽ ነበር» ለማለት ቸኩለዋል። ነገሩ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በአፍሪካ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ጉማሬና አንበሳን ለመሰሉ አደገኛ አውሬዎች የሚሆን ጠመንጃና አረር የመምረጥ ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ በክርክሩ ውስጥ የኒውተን ሕግጋት፣ የፈሳሽ መካኒክስና የእንስሳት አካል ጥናት ተሰናስለው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከፊዚክስ አንጻር ለማየት እንሞክራለን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ አደን አይጋብዝም። አደን በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በፈቃድ የሚከናወን ሲሆን፣ በሌሎች ደግሞ የተከለከለ ነው፤ ለምሳሌ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አግዳዋለች። ነገር ግን የፓርክ ጠባቂም ሆነ ማሳውን የሚጠብቅ ገበሬ አንድ ቀን ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት ሊገናኝ ይችላል። በዚያች ቅጽበት የተሳሳተ እምነት የሰውን ሕይወት ያስከፍላል፤ አውሬውንም ለረጅም ሥቃይ ይዳርገዋል።

ጥቂት ስሞችና ቁጥሮች

ካሊበር የምንለው የጠመንጃው አፈሙዝ፣ በተቀራራቢም የአረሩ የወርድ ስፋት ነው። እንግሊዞችና አሜሪካውያን በኢንች ሲለኩት የአውሮፓ አህጉር ሰዎች በሚሊ ሜትር ይለኩታል። «ጥይት» የሚለው ቃል በዘልማድ ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ ያመለክታል። እኛ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረውን ክፍል ብቻ «አረር» እያልን እንጠራዋለን።

ለንጽጽር ያህል የሚከተሉትን እንውሰድ፤ ፍጥነቶቹ አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለው ግምታዊ መጠን ናቸው።

7 ሚሊ ሜትር ማውዘር፦ አረሩ 11.2 ግራም፣ ፍጥነቱ 700 ሜትር በሰከንድ፣ ኢነርጂው 2,700 ጁል ገደማ።

.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣ፦ ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 19.4 ግራም፣ ፍጥነቱ 770 ሜትር በሰከንድ፣ ኢነርጂው 5,750 ጁል ገደማ።

.416 ሪግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣ፦ ስፋቱ 10.6 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 26.6 ግራም፣ ፍጥነቱ 722 ሜትር በሰከንድ፣ ኢነርጂው 6,900 ጁል ገደማ።

.470 ናይትሮ ኤክስፕረስ፦ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 32.4 ግራም፣ ፍጥነቱ 655 ሜትር በሰከንድ፣ ኢነርጂው 6,950 ጁል ገደማ።

ኢነርጂው የተገኘው ግማሽ መጠነ ቁስን በፍጥነት፣ ውጤቱን ደግሞ እንደገና በፍጥነት በማባዛት ነው። አንባቢ ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። የ.416 ሪግቢ አረር የያዘው ኢነርጂ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት እስኪደርስ ከሚያገኘው ኢነርጂ ጋር ይስተካከላል። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው ጎሹን ገፍትሮ መጣል ይችላል» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ስለ መገፍተር ስናወራ ልንጠይቅ የሚገባን ስለ ኢነርጂ ሳይሆን ስለ ሞመንተም ነው።

አረር አውሬን ገፍትሮ ይጥላልን?

የ.416 አረር ሞመንተም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ሲባዛ 19.2 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህ አረር 700 ኪሎ ግራም በሚመዝን የቆመ ጎሽ አካል ውስጥ ገብቶ ቢቀር፣ ጎሹ የሚያገኘው ፍጥነት 19.2 ለ700 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም በሰከንድ 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል። 5,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዝሆን ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

አሁን ጎሹ በሰከንድ 12 ሜትር እየሮጠ ወደ ተኳሹ መጣ እንበል። ሞመንተሙ 8,400 ይሆናል። ይህን ሞመንተም በአረር ግፊት ብቻ ለማጥፋት ከ430 በላይ አረሮች በአንድ ጊዜ ሊያርፉበት ይገባል። እንግዲህ የአውሬው መቆም ከመገፍተር ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ከዚህ ይታያል።

የኒውተን ሦስተኛ ሕግም ይህንኑ በሌላ መንገድ ይነግረናል። አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከአፈሙዙ ተከትሎ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ የራሱን ሞመንተም ስለሚጨምር፣ የተኳሹ ትከሻ የሚቀበለው ሞመንተም አረሩ ከያዘው ይበልጣል። አረሩ ጎሹን ወርውሮ የሚጥል ቢሆን ኖሮ፣ ከጎሹ በአሥር እጥፍ የሚቀለው ተኳሽ አስቀድሞ በተወረወረ ነበር።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው?

አረር የሚገድለው የአካልን ክፍል ቀዶ በማለፍ ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው የአእምሮን ወይም የአከርካሪ ሠረሠርን ሥራ በማቋረጥ ነው፤ እንስሳው በቆመበት ይወድቃል። ሁለተኛው ልብን፣ ሳንባን ወይም ታላላቅ የደም ሥሮችን በመብሳት ነው፤ ደም ፈሶ ለአእምሮ የሚደርሰው ኦክስጅን እስኪቋረጥ ድረስ ግን ጊዜ ይወስዳል። ልብ ፈጽሞ መሥራቱን ቢያቆም እንኳ አእምሮ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ለሚደርስ ጊዜ ንቃትን ሊያቆይ ይችላል።

የተማሪያችን አጎት ያጋጠመው ይኸው ነው። በሰከንድ 12 ሜትር የሚሮጥ ጎሽ ሃምሳ ሜትር ለመጨረስ የሚፈጅበት ከአራት ሰከንድ ብዙም የሚዘል አይደለም። ጎሹ ልቡ ተበስቷል፤ ሞቱም ተወስኗል። ነገር ግን አእምሮው ገና ብዙ ሰከንዶች ነበሩት። የአጎቱ ጠመንጃ ገዳይ ነበር፤ አቁዋሚ ግን አልነበረም። መግደልና ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የዚህ ሁሉ ጥናት መሠረት ነው።

በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1981 በሌተርማን የቁስል ባሊስቲክስ ላቦራቶሪን ያቋቋሙት ማርቲን ፋክለር፣ አረሮችን ወደ ጄላቲን ብሎኮች እየተኮሱ የቁስሉን መልክ በሰፊው አጥንተዋል። ጄላቲኑ 10 በመቶ ሆኖ እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ለሥጋ የቀረበ ባሕርይ ያሳያል። ከሥራቸው የምንወስደው ዋና ትምህርት፣ የኢነርጂ ቁጥር ብቻውን የቁስሉን ክብደት አይናገርም የሚል ነው። ጥያቄው አረሩ ምን ያህል ጠልቆ ገባ፣ በምንስ በኩል አለፈ፣ ምን ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ትቶ ሄደ የሚል ነው።

የጥልቀት ምስጢር

በአየር ወይም በውኃ ውስጥ በፍጥነት የሚሄድ አካል የሚያጋጥመው ተቃዋሚ ኃይል በቀረበ ግምት ከፊት ስፋቱና ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ነው። ሥጋም አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ይህ ሕግ በመጀመሪያ ግምት ይሠራለታል። ከዚህ ተነሥተን የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ብንጠቀም አንድ የሚያምር ውጤት እናገኛለን፦ አረሩ ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ የሚጓዘው ርቀት መነሻ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን አንድ ነው። ይህ ርቀት የሚወሰነው በአረሩ መጠነ ቁስና በፊት ስፋቱ ንጽጽር፣ በአፍንጫው ቅርጽና በሚያልፍበት አካል እፍግታ ነው።

መጠነ ቁስን ለፊት ስፋት ስናካፍል የምናገኘውን ቁጥር ሴክሽናል ዴንሲቲ ይሉታል፤ እኛ «ክፍለ ገጽ እፍግታ» ብለነዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አረሩ ጠልቆ ይገባል። ምስማርና የእንጨት ቡሽ በእኩል ኃይል ቢወረወሩ የትኛው ግድግዳ እንደሚበሳ ሁላችንም እናውቃለን።

ከላይ ካለው ውጤት ሌላም ነገር ይከተላል። የአረሩን መነሻ ፍጥነት እጥፍ ብናደርገው ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናል፤ በጥልቀት በኩል የምናተርፈው ግን አንድ ተጨማሪ የመገመሻ ርቀት ብቻ ነው። አረሩን በዚያው ስፋት አስረዝመን መጠነ ቁሱን እጥፍ ብናደርገው ግን የመገመሻው ርቀት ራሱ እጥፍ ይሆናል። በአፍሪካ ለታላላቅ አውሬዎች የሚመረጡት አረሮች ረጃጅምና ከባድ፣ ፍጥነታቸውም መካከለኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ታሪኩን በቁጥር እንመልከተው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ፍሬድሪክ ሴሉስን የመሳሰሉ አዳኞች «ፎር ቦር» የተባለ ጠመንጃ ይይዙ ነበር። ስሙ የመጣው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ አራት ድቡልቡል አረሮች ይወጣሉ ከማለት ነው። አንዱ አረር 113 ግራም፣ ስፋቱ 26.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሳሙኤል ቤከርም እ.ኤ.አ. በ1861 በሰቲት ወንዝ ዳርቻ፣ በአገራችን ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ሲያድን፣ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን አረር የሚተኩስ፣ ተኳሹን የሚያሽከረክር ግዙፍ ጠመንጃ ይዞ ነበር። በአንጻሩ ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል (1880–1954)፣ ከሰሜን ምሥራቅ ዩጋንዳው ካራሞጃ «ካራሞጆ» የሚል ቅጽል ያተረፈውና ወደ አገራችን ምዕራባዊ ቆላ፣ ወደ ጊሎ ወንዝም የዘለቀው አዳኝ፣ በሕይወቱ ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን ሲገድል አብዛኞቹን የገደለው በትንሿ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ክፍለ ገጽ እፍግታቸውን እናስላ። የፎር ቦሩ ድቡልቡል እርሳስ በካሬ ሜትር 202 ኪሎ ግራም ነው። የቤል 7 ሚሊ ሜትር አረር ግን፣ ክብደቱ የፎር ቦሩ አንድ አሥረኛ ብቻ ሲሆን፣ 272 ይደርሳል። በጣም የሚያስገርመው ደግሞ የታዋቂው .375 አረርም 273 መሆኑ ነው። በጥልቀት በኩል ትንሿና ትልቁ እኩያሞች ነበሩ ማለት ነው። ቤል ከዚህ በተጨማሪ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍሎ አእምሮው የት እንደሚገኝ ከየአቅጣጫው አጥንቷል። የዝሆን ራስ ቅል እንደ ማር እንጀራ በአየር ክፍተቶች የተሞላ ሰፊ አጥንት ሲሆን፣ አእምሮው ወደ ኋላ ርቆ ይገኛል። አረሩ ብዙ አሥር ሴንቲ ሜትሮችን ቀጥ ብሎ ካልሰነጠቀ አይደርስበትም።

ይህን ስንተርክ የቤልን ዘመን ለማወደስ አይደለም። የዝሆን ጥርስ ንግድ ያደረሰው ጥፋት እስከ ዛሬ አልካሰም፤ ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እገዳ የተወሰነውም እ.ኤ.አ. በ1989 ብቻ ነው። የቤል ምሳሌ የሚጠቅመን «ትልቅ ይሻላል» የሚለውን ያልተመረመረ እምነት ስለሚፈትን ነው።

ለአገራችን አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። አባቶቻችን በአድዋ ጦርነት ከያዙት መሣሪያ አንዱ የነበረው ውጅግራ፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ሲሆን 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውር ነበር። ለበን ደግሞ ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ባገኘው ጭስ አልባ ባሩድ እንዲሠራ በ1886 የወጣ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ የመጀመሪያው አረሩ 15 ግራም፣ ፍጥነቱ 630 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነበር። ለበን በስፋት ቢያንስም በክፍለ ገጽ እፍግታ ከውጅግራ ይበልጣል፤ ሽፋን ስላለውም አጥንት ሲመታ እንደ ልቅ እርሳስ አይጨፈለቅም። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የአፈሙዝ ስፋት ቀንሶ ጥልቀት መጨመሩን ከእነዚህ ሁለት ስሞች መረዳት ይቻላል።

የሚዘረጋና የማይዘረጋ አረር

አረሮች በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያው አፍንጫው የተጋለጠ እርሳስ ወይም ክፍት የሆነ፣ ሥጋ ሲመታ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ አረር ነው። ሁለተኛው በብረት ወይም በመዳብ ሽፋን የተሸፈነ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ ወይም ከነሐስ የተሠራ፣ ቅርጹን የማይለውጥ ድፍን አረር ነው።

ተዘርጊው አረር ሰፊ ቁስል ይከፍታል፤ ዋጋው ግን በጥልቀት ይከፈላል። የ.375 አረር ተዘርግቶ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን የፊት ገጹ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ምንም መጠነ ቁስ ሳያጣ እንኳ ክፍለ ገጽ እፍግታው ከ273 ወደ 68 ይወርዳል። እንደ አንበሳ ላለ፣ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝንና አካሉ ለስላሳ ለሆነ አውሬ ይህ ጥልቀት ይበቃል፤ ሰፊው ቁስልም ይፈለጋል። ለዝሆን ራስ ቅል ግን ፈጽሞ አይሆንም። ጎሽ በሁለቱ መካከል ነው፦ ከጎን ለመጀመሪያው ተኩስ ጠንካራ ተዘርጊ አረር፣ ከፊት ለሚመጣ ወይም ቆስሎ ለሚሸሽ ደግሞ ድፍን አረር የሚመርጡ አዳኞች ብዙዎች ናቸው።

ተዘርጊ አረር ከመጠን በላይ ፈጥኖ ከተበታተነ ቆዳ ሥር ይቀራል፤ አውሬውም ቆስሎ ይሄዳል። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1946 በካናዳ ጭቃ የተለሰነበት ሙስ የተባለ ግዙፍ አጋዘን በአረሩ አልወድቅ ቢለው፣ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ወደ መሥራት ሄዷል። የፊተኛው ክፍል ሲዘረጋ የኋለኛው ሳይነካ ይቆያል። በኋላ የመጡት ሙሉ የመዳብ አረሮች ደግሞ ተዘርግተውም መጠነ ቁሳቸውን ጠብቀው ይቆያሉ። እነዚህ ሌላም ጥቅም አላቸው፦ በእንስሳ ሬሳ ውስጥ የሚበተን የእርሳስ ብናኝ ጥንብ አንሳዎችን ይመርዛል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ኮንዶር የተባለውን ግዙፍ ጥንብ አንሳ ለመታደግ ስትል ከ2019 ጀምሮ በአደን ላይ የእርሳስ ጥይትን አግዳለች።

አረር ለምን ይገለበጣል?

ጥልቅ መግባት ብቻውን አይበቃም፤ ቀጥ ብሎ መግባትም ያስፈልጋል። ሹል አረር የክብደት ማእከሉ ወደ ኋላው ስለሚያጋድል፣ የሚያጋጥመው ግፊት አፍንጫውን ወደ ጎን ለመገልበጥ ይሞክራል። በአየር ውስጥ ይህን የሚከላከለው ሽክርክሪቱ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ በየ35 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ቢያዞረው፣ በሰከንድ 722 ሜትር የሚሄድ አረር በሰከንድ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። እንደሚሽከረከር እንዝርት ሳይወድቅ ይቆማል።

ነገር ግን የሥጋ እፍግታ ከአየር በ800 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የሚገለብጠው ኃይልም በዚያው መጠን ስለሚያድግ ሽክርክሪቱ ብቻውን አይችለውም። በብዙ አካባቢ የሚገኘው የክላሽንኮቭ 7.62 ሚሊ ሜትር አረር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክፍለ ገጽ እፍግታው 160 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በጄላቲን ውስጥ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ መገልበጥ ይጀምራል። ጎኑን ሰጥቶ ሲሄድ የፊት ስፋቱ ስለሚጨምር ፈጥኖ ይቆማል፤ መንገዱንም ይስታል። ይህን መሣሪያ ይዞ ከዝሆን ወይም ከጎሽ ጋር የሚጋፈጥ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የቆሰለና የተቆጣ አውሬ ብቻ ነው።

መፍትሔው የአፍንጫ ቅርጽ ነው። ክብ አፍንጫ ከሹል ይሻላል፤ ጠፍጣፋ አፍንጫ ደግሞ ከክብም ይበልጣል። ጠፍጣፋው ገጽ ፈሳሹን በኃይል ወደ ጎን ስለሚረጭ፣ ከኋላው ባዶ ዋሻ ይፈጠራል፤ የአረሩ ጎን ከሥጋው ጋር አይነካካም። አረሩ ትንሽ ካጋደለ የዋሻው ግድግዳ ጎኑን መትቶ ይመልሰዋል። ውኃ ውስጥ እጅግ በፍጥነት የሚሄዱ ቶርፒዶዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሱፐርካቪቴሽን በተባለ ክሥተት ነው። በአየር ውስጥ ደካማ የሚመስለው ደንቃራ ቅርጽ በሥጋ ውስጥ አሸናፊ ይሆናል።

የተኳሹ ትከሻ

እስካሁን ካየነው «እንግዲያው ሰፊም፣ ከባድም፣ ረጅምም የሆነውን እንምረጥ» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ገደቡን የሚያበጀው ግን ትከሻችን ነው። 4.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የ.416 ጠመንጃ የአረሩንና የጋዙን ሞመንተም ድምር፣ 26 ያህል ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ፣ ስለሚቀበል በሰከንድ ወደ 6 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ኋላ ይመጣል። የምልሰቱ ኢነርጂ ከ75 ጁል ይበልጣል። የ7 ሚሊ ሜትሩ ማውዘር ግን 18 ጁል ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ምት የለመደ ሰው ይችለዋል፤ ያልለመደ ግን ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸማቅቃል፣ አፈሙዙም ይዛነፋል። በሃምሳ ሜትር ርቀት አፈሙዙ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ አረሩ ከታለመበት ቦታ 87 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ከዚህ በኋላ ስለ ኢነርጂ ማውራት ትርጉም የለውም። ልምድ ያላቸው አዳኞች .375ን ለብዙዎች የሚመክሩት፣ ጥልቀቱ ሳይጓደል ምልሰቱ በልምምድ የሚቻል ስለሆነ ነው።

ቀመርና ሕግ

አዳኞች ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ለመጠቅለል ሞክረዋል። ጆን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ የአረሩን ክብደት፣ ፍጥነትና ስፋት አንድ ላይ በማባዛት የሚገኝ ቁጥር አቅርቧል። በእርሱ ቀመር 7 ሚሊ ሜትሩ 16፣ .375 ደግሞ 41፣ .416 ሲሆን 58፣ .470 ደግሞ 73 ገደማ ያገኛሉ። የፊዚክስ ተማሪ አሐዶቹን ቢመረምር፣ ይህ ብዜት ሞመንተም በርዝመት እንጂ ኢነርጂም ሞመንተምም አለመሆኑን ወዲያው ያያል። ቴይለርም ቀመሩን ያዘጋጀው አረር አእምሮን ለጥቂት ስቶ ሲያልፍ ዝሆኑ ምን ያህል እንደሚደነዝዝ ለማነጻጸር ነው። እንደ ልምድ መለኪያ ቢጠቅምም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

የዚምባብዌ ሕግ ደግሞ ለዝሆን፣ ለጎሽና ለጉማሬ ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5,300 ጁል ኢነርጂ ይጠይቃል። ሕጉ ሁለት መለኪያ በአንድነት ማስቀመጡን ልብ ይሏል። ኢነርጂ ብቻ ቢጠየቅ ቀላልና እጅግ ፈጣን አረር ያልፍ ነበር፤ ስፋት ብቻ ቢጠየቅ ደግሞ ደካማው ያልፋል። ቤል በ7 ሚሊ ሜትር ቢሳካለትም፣ ሕግ የሚወጣው ለቤል ሳይሆን ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለሚተኩስ ተራ ሰው ነው። ሰፊው አረር ለስሕተት ጥቂት ቦታ ይተዋል።

የካሊበሮች መብዛት ራሱ ሁልጊዜ ከፊዚክስ የመጣ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1907 በሕንድና በሱዳን የ.450 ጥይትን ሲከለክሉ ምክንያታቸው በማርቲኒ-ሄንሪ ጠመንጃ የታጠቁ ዐማፅያን እንዳይጠቀሙበት በመስጋት ነበር። ጠመንጃ ሠሪዎቹም .465ንና .470ን የመሳሰሉትን አቀረቡ። የ.416 ሪግቢ ቀለህ ግዙፍነት ግን በፊዚክስ የተገደደ ነው። የዘመኑ ኮርዳይት ባሩድ በሙቀት ጊዜ ግፊቱ ይጨምራል፤ በለንደን ብርድ የተሞከረ ጥይት በአፍሪካ ፀሐይ ቀለሁን አጣብቆ ሁለተኛ ተኩስ ሊከለክል ይችላል። ሰፊ ቀለህ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ጎሽ በአራት ሰከንድ በሚደርስበት ቦታ የተጣበቀ ቀለህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ማጠቃለያ

ያየነውን ስንሰበስብ፣ አረር ገፍትሮ አይጥልም፤ ቀዶ ይገድላል። ጥልቀትን የሚወስኑት ክፍለ ገጽ እፍግታ፣ የአረሩ ጥንካሬና የአፍንጫው ቅርጽ ሲሆኑ ፍጥነት ከታሰበው ያነሰ ድርሻ አለው። ለስላሳ አካል ላለው አንበሳ ተዘርጊ፣ ለዝሆን ድፍን፣ ለጎሽ እንደ አቋሙ ሁለቱም ይመረጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው በእርግጠኝነት ሊተኩሰው የማይችለው ጠመንጃ የቱንም ያህል ቢገዝፍ አይጠቅመውም።

ያ ተማሪ በቀጣዩ ሳምንት መልሱን ስንነግረው ስሌቱን በደብተሩ እየጻፈ አዳመጠን። ሲጨርስ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እንግዲያው አጎቴ አልሳተም ማለት ነው።» አዎን፣ አልሳተም። የጎደለው ዒላማ ሳይሆን ጊዜ ነበር፤ ከመሮጥና ከመተኮስ በፊት ዛፍ ላይ ለመውጣት ወይም መንገድ ለመልቀቅ የሚያስፈልጉት ጥቂት ሰከንዶች። ከዚህ በኋላ በዚያ ሸለቆ ማሳ የሚጠብቅ ሰው ልብን የመታ አረር አውሬን ወዲያው እንደማያቆም ካወቀ፣ የፊዚክስ ትምህርታችን ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ለሰው ደርሷል እንላለን።

ለአንባቢያን የምንተወው አንድ ጥያቄ አለ፦ በሰከንድ 15 ሜትር የሚሮጥ ጎሽ በ40 ሜትር ርቀት ላይ ቢታይና ሰውየው ጠመንጃውን አንሥቶ ለማነጣጠር ሁለት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ቃታውን ሲስብ ጎሹ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል? መልሱን ካሰላችሁ በኋላ፣ ርቀትን መጠበቅ ከየትኛውም ካሊበር የሚበልጥ መከላከያ የሆነበትን ምክንያት ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።